ዝሆኑና አምስቱ ፊደላት፦ የመሐንዲሱ የአብራም ሐኒባል ሕይወትና የማኅተሙ ነገር

በሩሲያ ምድር ሐኒባል ተብሎ ይጠራ የነበረው ቤተ ዘመድ የሚገለገልበት አንድ ማኅተም ነበረው። በማኅተሙ መካከል ዝሆን ቆሟል፤ ዘውድ ተደርጎለታል፤ ዙሪያውንም ሰንደቆችና የጦር መሣሪያዎች ከብበውታል። ከሥዕሉም ጋር አምስት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ እነሱም ኤፍ፣ ቪ፣ ኤም፣ ኤም እና ኦ ናቸው። በጥንቱ የላቲን አጻጻፍ ቪ እንደ ኡ ስለሚነበብ አንድ ላይ ሲጠሩ ፉሞ የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። ቃሉ ሩስኛ አይደለም፤ በላቲን መዝገበ ቃላትም አይገኝም። ያስቀረጸው ሰው ግን ትርጉሙን ሳይገልጽ አለፈ። የቤተ ሰቡን የዘር ሐረግ የመረመሩ ሊቃውንት ሁሉ ከዚህ ዝሆንና ከእነዚህ አምስት ፊደላት ፊት ሳይቆሙ አላለፉም።

ማኅተሙን ያስቀረጸው አብራም ፔትሮቪች ሐኒባል ነው። ዓለም ይህን ሰው በይበልጥ የሚያውቀው የታላቁ ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ አብራም ሐኒባል ባለቅኔው ከመወለዱ 18 ዓመት አስቀድሞ ሲሞት በራሱ ሥራ ስመ ጥር የሆነ ሰው ነበር። ምሽግ ገንብቷል፣ የቦይ ሥራዎችን መርቷል፣ የሒሳብና የምሽግ ሥራ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፣ ወጣት መሐንዲሶችን አስተምሯል። ስለዚህ ታሪኩ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የምህንድስና ባለሙያዎችም ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አብራም የተወለደው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በ1696 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ገባ፤ በዚያም በቱርክ ሱልጣን ቤተ መንግሥት ዋለ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ጥቁር ብላቴኖችን በአደባባያቸው ማቆም እንደ ክብር ይቆጥሩት ነበር። የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስም እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲፈለጉለት አዘዘ። በቁስጥንጥንያ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ፒዮትር ቶልስቶይ፣ የኋለኛው ደራሲ የሌቭ ቶልስቶይ የዘር አባት፣ ትእዛዙን ተቀበለ፤ ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ ነጋዴም ልጁን አግኝቶ በ1704 ወደ ሞስኮ እንዲላክ አደረገ። የራጉዚንስኪ ስም በአብራም ሕይወት ውስጥ ሌላ ጊዜም ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

በ1705 አብራም በቪልኒዩስ ከተማ በቅድስት ጰራስቅዌ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ ክርስትና አባቱ ጴጥሮስ ራሱ ሆነ። ፔትሮቪች፣ ማለትም የጴጥሮስ ልጅ የሚለውን የአባት ስም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኒባል የሚለውን ስም የያዘው ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የተወሰደውም ሮማውያንን ካርበደበደው ከአፍሪካዊው የካርታጎ ጦር መሪ ነው። እንግዲህ ልጁ ከትውልድ አገሩ ያመጣው ስም አልቀረለትም፤ የክርስትና ስሙ ከቤተ ክርስቲያን፣ የአባት ስሙ ከዛሩ፣ የቤተ ሰብ ስሙም ከታሪክ መጽሐፍ የመጣ ነበር።

ጴጥሮስ ብላቴናውን ለጌጥ ብቻ አላቆየውም። በዘመቻው ሁሉ ከጎኑ አልለየውም፤ ከዛሩ ክፍል አጠገብ እያደረ ወረቀቶቹንና መጻሕፍቱን ይጠብቅ ነበር። አእምሮው ለሒሳብ የተሰጠ መሆኑን ዛሩ ስለ ተረዳ በ1717 ፈረንሳይን ሲጎበኝ ምህንድስና እንዲማር ፓሪስ ላይ ተወው። አብራም በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ገብቶ ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጋ፤ ራሱም ላይ ቆሰለ። ከዚያም በ1720 ላ ፌር በተባለው ከተማ በተከፈተው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ የምሽግ ሥራን፣ የመድፍ ስሌትንና ጂኦሜትሪን ተማረ።

የትምህርቱ ዘመን የድህነት ዘመን ነበር። በ1720 በፈረንሳይ የወረቀት ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ከሩሲያ የሚላክለት ጥቂት ደመወዝ ከንቱ ሆነ፤ ዕዳም ተከመረበት። ወደ ሩሲያ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ዕዳው በአባካኝነት የመጣ አለመሆኑን ደጋግሞ አስረድቷል። የመመለሻው ጊዜ በደረሰ ጊዜም በባሕር እንዳይልኩት ለመነ፤ የባሕር ሰው አለመሆኑን አመልክቶ፣ ከመርከብ ጉዞ ይልቅ በእግሩም ቢሆን በየብስ መሄድን እንደሚመርጥ ገለጸ። በልጅነቱ በባርነት ከአፍሪካ ወደ ቁስጥንጥንያ የተወሰደ ሰው ባሕርን ቢጠላ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1723 ሲመለስ ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዞ ገባ። በዛሩ የክብር ዘበኛ በፕሬዎብራዤንስኪ ክፍለ ጦር የመድፈኞች መኮንን ሆነ፤ ሒሳብና ምህንድስናም ያስተምር ጀመር። ይሁን እንጂ በ1725 ጴጥሮስ ሞተ፤ የአብራምም መከታ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ ያዘጋጀውን ባለሁለት ጥራዝ የእጅ ጽሑፍ መጽሐፍ ለንግሥት ካትሪን ቀዳማዊት አበረከተ። መጽሐፉ በሩሲያ ቋንቋ ገና ብዙም ያልተጻፈበትን ሙያ ለወጣት መኮንኖች የሚያስተምር ነበር።

መጽሐፉ ግን አላዳነውም። በ1727 ካትሪን ስትሞት የመንግሥቱን ሥልጣን የጨበጠው ልዑል ሜንሺኮቭ፣ የወጣቱ ዛር የዳግማዊ ጴጥሮስ የሒሳብ መምህር የነበረውን አብራምን ከቤተ መንግሥት አራቀው። ለምሽግ ሥራ ተብሎ በመጀመሪያ ወደ ካዛን፣ ቀጥሎ ወደ ቶቦልስክ፣ በመጨረሻም በቻይና ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ሴሌንጊንስክ ተላከ። ስሙ ሹመት ነበር፤ ነገሩ ግን ግዞት ነበር። በዚያው ጊዜ በዚያው ጠረፍ ከቻይና መንግሥት ጋር የኪያኽታን የወሰን ውል የተዋዋለው የሩሲያ መልእክተኛ ያ ልጁን ከቁስጥንጥንያ ያስመጣው ሳቫ ራጉዚንስኪ ነበር። አንድ ጊዜ እንደ ስጦታ ዕቃ ያስመጣው ብላቴና አሁን ጠረፉን ለማጠንከር የሚፈለግ መሐንዲስ ሆኖ በሳይቤሪያ ደረሰ። ሜንሺኮቭም በዚያው በ1727 ወድቆ ራሱ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘና በ1729 እዚያው ሞተ፤ አብራም ግን ወደ ምዕራብ ለመመለስ እስከ 1730ዎቹ መባቻ መጠበቅ ነበረበት።

በ1731 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በፔርኖቭ፣ በዛሬዋ የኤስቶንያ ከተማ በፔርኑ፣ ወጣት መሐንዲሶችን እንዲያስተምር ተመደበ። በዚሁ ዓመት የአንድ ግሪካዊ መርከበኛ ልጅ የሆነችውን ኤቭዶኪያ ዲዮፔርን አገባ። ኤቭዶኪያ የተዳረችው ያለ ፈቃዷ ነበር። ጋብቻው በጥላቻና በክስ ተሞላ፤ አብራም ሚስቱን በምንዝርና በመርዝ ሙከራ ከሰሳት፤ እሷም ድብደባና እስር ደረሰባት፤ ለዓመታትም በወህኒ ማቀቀች። ፍቺው በሕግ የተቋጨው በ1753 ሲሆን፣ እሱ ግን ገና ፍርዱ ሳያልቅ በ1736 ክርስቲና ሬጊና ሾበርግ የተባለች ሴት አግብቶ ብዙ ልጆች አፍርቶ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ይህን ሊሸፍነው አይገባም። በባርነት የተወሰደ ሰው በሌላው ላይ ለመጨከን አይችልም የሚለው አሳብ በአብራም ሐኒባል ሕይወት አልተረጋገጠም።

የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1741 ዙፋኑን ስትይዝ የአባቷን ወዳጅ አልረሳችውም። በ1742 አብራም የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ አግኝቶ የሬቫል ከተማ፣ የዛሬዋ ታሊን፣ አዛዥ ሆነ፤ በዚያም እስከ 1752 ቆየ። በፕስኮቭ ግዛት ሚካይሎቭስኮዬ የሚባለው ርስትም ከነገባሮቹ ተሰጠው።

የማኅተሙ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በመሳፍንት አገር ማዕረግ ያለው፣ የዘር ሐረግ ግን የሌለው ሰው ሁልጊዜ በጥርጣሬ ይታያል። በሬቫል የነበሩት የጀርመን ዝርያ መኳንንት ይህን ጥቁር አዛዥ በቅን ዓይን አይመለከቱትም ነበር። ስለዚህ አብራም በ1742 መኳንንትነቱ እንዲረጋገጥለትና የዘር አርማ እንዲሰጠው ማመልከቻ አቀረበ። በማመልከቻውም በአፍሪካ የተወለደ የመኳንንት ዘር መሆኑን፣ የተወለደውም በአባቱ ግዛት ላጎን በተባለች ከተማ መሆኑን አስታወቀ። ዝሆኑና አምስቱ ፊደላት የመጡት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሰው አገር የኖረ፣ የልጅነት ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው ያጣ ሽማግሌ፣ ከልጅነቱ አንዲት የከተማ ስም ይዞ ቀርቶ ነበር።

ከ1752 ጀምሮ ሐኒባል በፒተርስበርግ የመሐንዲሶች ጓድ ውስጥ አገለገለ። በክሮንሽታድት የመርከብ ማደሻውንና የቦዩን ሥራ፣ እንዲሁም የላዶጋን ቦይ ተቆጣጠረ፤ የሠራዊቱን የምህንድስና ትምህርትም መራ። በ1759 ጄኔራል አንሼፍ የሚባለውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። በርስቶቹ ላይ ብዙ መቶ ገባሮች ነበሩት፤ በባርነት የተሸጠው ልጅ ባለ ገባር ሆኖ ነበር። ነገር ግን በሬቫል አጠገብ የነበረውን ራጎላ የተባለ ርስቱን ባከራየ ጊዜ፣ ተከራዩ ገበሬዎቹን እንዳይገርፍ የሚከለክል ቃል በውሉ ውስጥ አስገብቷል፤ ተከራዩ ቃሉን ባፈረሰ ጊዜም ውሉን ሰርዟል። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ይህን የመሰለ ውል እንግዳ ነገር ነበር።

ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ በ1762 ከሥራ ተሰናበተ። ሹመቱንና ከተማውን ትቶ በፒተርስበርግ አቅራቢያ ሱይዳ በተባለው ርስቱ ተቀመጠ፤ በ1781 እዚያው ሞተ። የበኩር ልጁ ኢቫን በ1770 በናቫሪን ውጊያ ስመ ጥር ሆነ፤ ከ1778 ጀምሮም የኬርሶንን ከተማና ምሽግ አሠራ፤ ስሙም በፃርስኮዬ ሴሎ በቆመው የድል ዓምድ ላይ ተቀርጿል። ሌላው ልጁ ኦሲፕ ናዴዥዳን ወለደ፤ ናዴዥዳም በ1799 አሌክሳንደር ፑሽኪንን ወለደች።

የቤተ ሰቡን ታሪክ ለመመርመር የመጀመሪያው ሰው ፑሽኪን ነበር ለማለት ይቻላል። ከ1824 እስከ 1826 የግዞት ዘመኑን ያሳለፈው በዚያው በቅድመ አያቱ ርስት በሚካይሎቭስኮዬ ነው። ከአብራም ልጆች በሕይወት የቀረው ሽማግሌው ፒዮትር በአቅራቢያው ይኖር ስለ ነበር ባለቅኔው ከእሱ ዘንድ በጀርመንኛ የተጻፈ የአብራም የሕይወት ታሪክ አገኘ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የአብራም አማች ሮትኪርኽ ነው። ጽሑፉ አብራም የሐበሻ መስፍን ልጅ መሆኑን ይተርካል፤ ላጋን የምትባል እኅቱም የወሰደውን መርከብ በዋና ስትከተል ባሕር ውስጥ እንደ ሰጠመች ያትታል። ፑሽኪን በ1827 የታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ሰው የሚለውን ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀረ። በ1831 መጨረሻ ወዳጁ ናሾኪን የጥቁር ሰው ምስል ያለበት የቀለም ማስቀመጫ ላከለት፤ ባለቅኔውም በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ላጎን የት ናት የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ጉዳይ የሆነው ፑሽኪን በ1837 ከሞተ በኋላ ነው። በ1899 ባለቅኔው የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ የሩሲያ አንትሮፖሎጂስት ላጎን ከመረብ ወንዝ ማዶ፣ በዛሬይቱ ኤርትራ፣ ሎጎ የሚባለው አገር ነው ሲል ጻፈ። ሐሳቡ ምክንያት የለውም አይባልም። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ነበረች፤ ከዚያ ጠረፍም ብዙ የሐበሻ ልጆች ወደ ቁስጥንጥንያ ይወሰዱ ነበር። ዘመኑም የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ ነበረ። ሆኖም አኑቺን ወደዚህ መደምደሚያ የደረሰው በጊዜው የነበረውን የዘር አስተሳሰብ ይዞ ነው፤ ሐበሻን ከሌላው ጥቁር አፍሪካዊ ለይቶ ከፍ በማድረግ ታላቁን ባለቅኔ ከጥቁር ዘር ለማራቅ የሚረዳ ክርክር ነበር። ኢትዮጵያውያን በዚህ ሐሳብ ተደስተው ለረጅም ዘመን ሲቀበሉት፣ በውስጡ የተሸሸገውን የሌሎች አፍሪካውያንን ንቀት ብዙዎች አላስተዋሉትም።

ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በ1964 ባሳተመው የፑሽኪን ሥራ ሐተታ ላይ የሐበሻውን ታሪክ ጠርጥሮ፣ ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ ያለውን የሎጎን አገር ጠቆመ። በ1990ዎቹም የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲዩዶኔ ኛማንኩ ይህን መንገድ ተከትሎ በሰሜን ካሜሩን የምትገኘውን ሎጎን ቢርኒን የአብራም የትውልድ ከተማ ናት ሲል አስረዳ። ከተማዋ በሎጎን ወንዝ ዳር የኮቶኮ ሱልጣኖች መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያ አገር የሚወሰዱ ባሮችም በሰሐራ በኩል ወደ ትሪፖሊ፣ ከትሪፖሊም በባሕር ወደ ቱርክ ይሻገሩ ነበር። የኮቶኮን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ፉሞ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትርጉሙ አገር፣ የትውልድ ስፍራ እንደሆነ ተናግረዋል። ሌሎች ደግሞ አምስቱ ፊደላት የአምስት የላቲን ቃላት መነሻዎች ናቸው ይላሉ፤ ቃላቱም ፎርቱና ቪታም ሜአም ሙታቪት ኦፒዶ ሲሆኑ፣ ዕድል የባለ ማኅተሙን ሕይወት ፈጽማ መለወጧን ይናገራሉ። ሁለቱም ንባቦች ከአብራም ሕይወት ጋር ይስማማሉ።

ስለ ከተማዋ ግን ማስረጃዎቹ እኩል ክብደት የላቸውም። ሐበሻ የሚለው ቃል የሚገኘው አማቹ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ነው። አብራም ራሱ በ1742 ያቀረበው ማመልከቻ አፍሪካንና ላጎንን ብቻ ይጠራል። ቀያሽ በመካከል የተጨመሩት ልኬቶች ሲምታቱበት ወደ መነሻው ነጥብ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የዘር ሐረግ መርማሪም ባለ ጉዳዩ በገዛ ቃሉ ወዳስመዘገበው ጽሑፍ መመለስ አለበት። ወደዚያ ሲመለስ ላጎን የሚለው ስም ከሎጎን ጋር ያለው መቀራረብ፣ የገዢ መቀመጫ መሆኗም ከአብራም ቃል ጋር መስማማቱ ሚዛኑን ወደ ካሜሩን ያዘነብለዋል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ይቀበላሉ።

በአዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ ያለው አደባባይ በፑሽኪን ስም ይጠራል፤ በአሥመራም በ2009 ሐውልቱ ቆሟል። እነዚህ የፍቅር ምልክቶች የዘር ማስረጃ ባይኖራቸውም ክብራቸው አይጎድልም። አፍሪካዊው መሐንዲስ ከመረብ ማዶ ባይወለድም ለአፍሪካውያን መሐንዲሶች ሁሉ ቀዳሚ አባት ነው። ቢርኒ የሚለው ቃል በቻድ ሐይቅ ዙሪያ በሚነገሩ ቋንቋዎች በቅጥር የተከበበ ከተማ ማለት ነው። ሎጎን ቢርኒም በጭቃ ግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። አብራም ሐኒባል ከዚያ የተወሰደ ልጅ ከሆነ፣ በሕይወቱ መጀመሪያ ያየው የሰው እጅ ሥራ ግንብ ነበር ማለት ነው፤ ከሴሌንጊንስክ እስከ ክሮንሽታድት ዕድሜውን የፈጀውም ግንብ ሲሠራ ነው።